የአንድ ስፖኪዮ ወንጀል

ከሚል ሱቁ ውስጥ ሌባ ሲይዝ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ቦንጋ ላይ ከአባቱ በወረሳት የሞተር ሳይክልና የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል። ካንዴላ ካልሲው ውስጥ ወሽቆ ሊወጣ የሞከረ ባለ ከረባት ይዞ ያውቃል፤ የፍሬን ሸራ ከዣንጥላዋ ውስጥ የከተተች የተከበረች እመቤትም አይታው እንዳላየች ሆና ሄዳለች። ይዲድያ ግን ከእነዚያ ሁሉ ይለያል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ አንድ የሞተር ስፖኪዮ ሹራቡ ስር ደብቆ በሩ ጋ ሲደርስ ከሚል አንገትጌውን ጨመደደው። ልጁ አልታገለም። ስፖኪዮውን አወጣና ባንኮኒው ላይ በሁለት እጁ አስቀመጠው፤ እንቁላል የሚያስቀምጥ ነበር የሚመስለው። ከዚያ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

“አንድ ብቻ?” አለ ከሚል። “ስፖኪዮ የሚሸጠው በጥንድ ነው እኮ። አንተ ደግሞ ምን ዓይነት ሌባ ነህ?”

“የተሰበረው የግራው ብቻ ነው” አለ ልጁ እያለቀሰ።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። የጡረታ መምህሩ የጋሽ ገብረሚካኤል ሞተር ሳይክል የልጁ ቤት ደጃፍ ነው የሚቆመው። ልጁ ትናንት ማታ እላዩ ላይ ወጥቶ እንደ ነጂ “ቡም ቡም” ሲል ሞተሩ ተንጋደደና ወደቀ፤ የግራው መስታወትም ረገፈ። ልጁ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ያመጣው መላ ይህ ነበር፤ ጋሽ ገብረሚካኤል ሳያዩ በቦታው ሌላ መግጠም።

ከሚል ልጁን ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ አስጠራቸው። መምህሩም መጡ፤ እናትየዋ ብርቅዬም ገበያ ውስጥ ከዘረጋችው ኮረሪማና ማር ተነስታ እየሮጠች ደረሰች። ልጇን በካፊኖኖ አንድ ጊዜ አንበለበለችበትና ወደ ከሚል ዞራ በአማርኛ መለመን ጀመረች። ጋሽ ገብረሚካኤል የሆነውን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ተቆጡ።

“ለእኔ መስታወት ብለህ ሌባ ትሆናለህ? ሰበርኩት ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር?”

“ይገርፉኛል ብዬ ነው።”

“ታዲያ ብገርፍህስ!”

ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ልጁ ሦስት ቅዳሜ እየመጣ መደርደሪያ ሊጠርግ፣ ዕቃ ሊያስተካክል፣ ስፖኪዮውም ለመምህሩ ሊሰጥ ተስማሙ። ልጁ የከሚልን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ከሚል ትከሻውን ይዞ አቆመውና “ሁለተኛ!” አለው በጣቱ እያስፈራራ። አለቀ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ይዲድያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከበሩ ቆሞ ተገኘ። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን የብሎን ካርቶን ዘረገፈና ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ፣ የዛገውን ለብቻ እየለየ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ደረደረው። ከሚል ለምሳ ሲወጣ ለሚስቱ ለሱምያ፣ “ይሄ ልጅ እጅ አለው። ሦስቱ ቅዳሜ ሲያልቅም ይምጣ እለዋለሁ” አላት።

አብርሃም የተባለው ሰው ብቅ ያለው በቀጣዩ ሰኞ ነው።

አንገቱ ላይ ባጅ፣ እጁ ላይ ታብሌት፣ እግሩ ላይ የቦንጋ ጭቃ ያልነካው ጫማ። ከሕግ ጋር ለተጋጩ ወጣቶች የሚሠራ “ከጥፋት ወደ ልማት” የሚባል ፕሮጀክት አስተባባሪ መሆኑን ተናገረ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ዓይነት ድምፅ።

“ጋሽ ከሚል፣ እርስዎ ተበዳይ ነዎት” አለ።

“እኔ? ምን ሆኜ?”

“አንድ ታዳጊ ንብረትዎ ላይ…”

“ኧረ እሱ አለቀ! መስታወቱም ተገጥሞ ከተማ ውስጥ እየዞረ ነው።”

“ያለቀው በባህላዊው መንገድ ነው” አለ አብርሃም አንገቱን ሰበር አድርጎ። “ሥነ ልቦናዊው ክፍል ገና አልተነካም። የእርስዎም፣ የልጁም።”

ከሚል በሆዱ ሳቀበት። ወሬው እንዴት ከአብርሃም ጆሮ እንደገባ ለመገመት አይቸግርም፤ ያን ቀን እናትየዋ ስትጮህ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰምቷል። ልጁ ለምን እንደተፈለገ ግን የገባው በኋላ ነው። ፕሮጀክቱ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ አርባ ጥፋተኛ ወጣቶች ሊኖሩት ይገባል፤ ያገኘው አሥራ ሰባት ነበር። ጥፋተኛ ጠፋ! ሌላ አገር ቢሆን ከበሮ ይመታል። እነ አብርሃም ግን ተጨንቀው ሺሺንዳ ወረዱ፣ ቢታ ገነት ሄዱ፣ የትምህርት ቤት አጥር ለአጥር ዞሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ያም ሆኖ ከሚል ፈረመ። ይህን ነገር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ በልቡ እንዳመነዠከው እሱና አላህ ናቸው የሚያውቁት። አብርሃም ለልጁ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ለክረምቱም የሙያ ሥልጠና እንደሚሰጥ ተናግሯል። ብርቅዬም አጠገቡ ቆማ “ጋሽ ከሚል፣ እባክዎ ይፈርሙለት፣ ይማርልኝ” ብላለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እጁን ወደ እስክሪብቶው የመራው ግን ሌላ ነበር። አብርሃም “እንደ እርስዎ ያለ አርአያ የሆነ ነጋዴ ሲተባበር ማኅበረሰቡ ይከተላል” ሲል ከሚል ደረቱ ሰፋ፤ ሱምያ ብትሰማ ብሎም ተመኘ። ሦስት ቦታ ፈረመ።

ሊሄዱ ሲሉ ከሚል ታብሌቱን ገረፍ አድርጎ አየው። “የጥፋቱ ዓይነት” ከሚለው ስር “የተሽከርካሪና የተሽከርካሪ አካል ስርቆት” ተብሎ ተመርጧል።

“ወንድሜ፣ ይሄ ትልቅ ነገር አይመስልም? አንድ መስታወት እኮ ነው።”

“አይጨነቁ” አለ አብርሃም። “ሲስተሙ ላይ መስታወት የሚል የለም።”

በሁለተኛው ቅዳሜ ልጁ ቀረ። ከሚል ታሞ ይሆናል ብሎ ጠየቀ፤ አልታመመም። ተበዳይና አጥፊ ባለሙያ በሌለበት እንዳይገናኙ የሚል ደንብ አለ ተባለ። ብሎኑም በግማሽ እንደተደረደረ ቀረ።

ከዚያ ቲሸርቱ መጣ። ብርቱካንማ ነው፤ እንደ መንገድ ጠራጊ ደረብ ዓይን ይወጋል። ከጀርባው በትልቁ “ከጥፋት ወደ ልማት” ይላል። ልጆቹ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ጓደኞቻቸው ክፍል ገብተው ሲማሩ፣ ይህን ለብሰው በሰልፍ ወደ አንድ አዳራሽ ይሄዳሉ። ሰልፉ የሚያልፈው በገበያው መሀል ነው፤ ማኅበረሰቡ እንዲያያቸውና እንዲያቅፋቸው ታስቦ ነው ይላል አብርሃም። ማኅበረሰቡም አያቸው። ሱምያ ከሱቁ ደጃፍ ቆማ ስታይ ቆየችና፣

“በግ ነጋዴ ነው እንዴ ሰውዬው?” አለች። “በግ እንዳይቀላቀል ነው ጀርባው የሚቀባው። እነዚህ ልጆች ከማን እንዳይቀላቀሉ ነው?”

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ይዲድያ ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ባለሱቁ ዓይኑን ከእጁ አይነቅልም። አብሮ አደጎቹ እናቶቻቸው ከለከሏቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙ ጠፋና “ልማት” ሆነ። “ልማት መጣ፣ ቦርሳህን ያዝ!” ይሉታል። መጀመሪያ ተደባደበ፤ የተደባደበውም ተመዘገበ፤ “የጠባይ ለውጥ ገና ይቀረዋል” ተብሎ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ከመንገድ አጥቦ በወሰደበት ጊዜ፣ ልጁ በጓሮ በር ገባ። ከሚል ጎማ እየቆጠረ ነበር።

“እንዳልመጣ ተከልክያለሁ” አለ ይዲድያ።

“ማን አየህ? ግባ፣ ተቀመጥ። ምን ያስተምሯችኋል?”

ልጁ ጭቃውን በወረቀት እየጠረገ ነገረው። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የሠራውን ጥፋት ተነስቶ ይናገራል። የሚመደቡት በጥፋታቸው ዓይነት ስለሆነ የእሱ ክብ ሞተር ሳይክል የሰረቁ ልጆች ያሉበት ነው፤ በዕድሜ ሁሉም ይበልጡታል። በእምነት የሚባል ከሺሺንዳ የመጣ አለ፤ ፎርሙ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ይላል፣ ፂሙን ግን በየሳምንቱ ይላጫል። በእምነት ሲናገር ሁሉም ጸጥ ይላል፤ የት እንደቆመ፣ ማን እንደጠበቀለት፣ በየትኛው የጫካ መንገድ እንዳወጣው፣ ለማን እንዳስረከበው አንድ በአንድ ይተርካል። አሠልጣኙ ደስ ይለዋል፤ “ግልጽነት” ይለዋል፤ ያስጨበጭብለታል።

“አንተስ ምን አልክ?”

“ስለ ስፖኪዮው ተናገርኩ። በእምነትና ልጆቹ ሳቁብኝ። አሠልጣኙ ደግሞ ‘ገና አልተከፈትክም፣ የደበቅከው አለ’ አለኝ። በሁለተኛውም እንደዚያው አለኝ። በሦስተኛው…” ልጁ አቀረቀረ። “በሦስተኛው ከእርስዎ ሱቅ ባትሪ ሰርቄያለሁ አልኩ። አራት ስፖኪዮም። አንድ ጎማም።”

“ጎማ? ጎማ በየት አስገብተህ?”

“እንጃ። አጨበጨቡልኝ።”

ከሚል ሊስቅም ሊቆጣም አልቻለም። ልጁ “አጨበጨቡልኝ” ሲል ከዓይኑ ጥግ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ብሎ ነበር፤ እሱን ማየቱ ነው ያስደነገጠው። ከተማው በሙሉ ሲሸሸው፣ ሌባ በመሆኑ የሚያጨበጭብለት ክብ ተገኝቶለታል።

ሳምንት ሳይሞላ አብርሃም ራሱ ፊቱን አስረዝሞ መጣ። ለሐዘን የመጣ ነው የሚመስለው።

“ጋሽ ከሚል፣ ልጁ ተጨማሪ ጥፋቶችን አምኗል። ባትሪ፣ አራት መስታወት፣ ጎማ። እንዲያውቁት መብትዎ ነው።”

“ምንም አልጎደለብኝም። መዝገቤ ያውልህ፣ መደርደሪያው ያውልህ። ልጁ ዋሽቶ ነው፤ ስለጨቀጨቃችሁት።”

አብርሃም በርኅራኄ አየው። “መካድም የተበዳዮች አንዱ ባሕርይ ነው። ጊዜ ይወስዳል።”

ከሚል በሕይወቱ ብዙ ቂል ገጥሞታል። ዘይት ሳያደርግ ሞተር አስነስቶ ሲነድበት የሚገረም፣ የፊት ጎማ ለኋላ ገዝቶ የሚማማል፣ ሁሉንም ያውቃል። እነዚያ ግን ቢያንስ የራሳቸውን ሞተር ነው የሚያቃጥሉት። ተምሮ፣ ባጅ አንጠልጥሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ የሰው ልጅ የሚያቃጥል ቂል ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። “ውጣልኝ” አለው። አብርሃምም ታብሌቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ወጣ።

የካቲት ላይ ልጆቹን ማረሚያ ቤት ወሰዷቸው። የወንጀልን መጨረሻ በዓይናቸው አይተው እንዲደነግጡ ነው። ታራሚዎችም እንዲጮሁባቸው፣ “እንደኛ እንዳትሆኑ” እንዲሏቸው ተነግሯቸዋል፤ ጮኹባቸውም። ትንንሾቹ አለቀሱ። በእምነት ግን ከግቢው መሀል አንድ የሚያውቀው ታራሚ አገኘ፤ በሳቅ ተጨባበጡ። ሰውዬው ይዲድያንም “አንተ የማን ልጅ ነህ? አይዞህ፣ እዚህም ሰው አለ” ብሎ በራሱ ላይ እጁን ጫነለት። ልጁ ይህን ለከሚል ሲነግረው ድምፁ ውስጥ አንዳች ፍርሃት አልነበረም። ያ ግቢ የማያውቀው ቦታ መሆኑ ቀረ፤ ዘመድ ያለበት ቦታ ሆነ።

ሚያዝያ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ደረሰ። ይዲድያ ማክሰኞና ሐሙስን ሲቀር የከረመው ሁሉ ተደምሮ ከፈተናው የሚያግድ ሆነ። ብርቅዬ ከፕሮጀክቱ ደብዳቤ ይዛ ሄደች። ርዕሰ መምህሩም ደብዳቤውን ሲያነቡ፣ ልጁ በተሽከርካሪ ስርቆት በተሃድሶ ላይ እንደሚገኝ ከአናቱ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ምን ይላሉ? “ለሚቀጥለው ዓመት ይምጣ፤ ግን ከሌሎቹ ልጆች ወላጆች ጋር መነጋገር ይኖርብናል” አሏት። ከሚልና ጋሽ ገብረሚካኤልም ተከትለው ሄደው ለመኑ። መምህሩ አርባ ዓመት ባስተማሩበት አንደበት፣ “የተሰበረው መስታወት የእኔ ነው! ባለቤቱ እኔ ነኝ! እኔ ምንም አላልኩም!” ብለው ጮኹ። ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት አዳመጧቸው። ወረቀት ግን ወረቀት ነው።

ሰኔ ላይ የምረቃው በዓል ሆነ። ባነር ተሰቀለ፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ፣ የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው ተደረደረ። ከሚል ላለመሄድ ምሎ ነበር። ብርቅዬ ናት የለመነችው፤ “እርስዎ ካልተገኙ ሰርተፍኬት አይሰጠውም ብለውኛል።” ሄደ። ፕሮግራሙን የሚመራው ልጅ አስቀድሞ፣ “ተበዳያችን ንግግራቸውን ሲጨርሱ ሞቅ ያለ ጭብጨባ!” ብሎ ታዳሚውን አለማመደ።

ስሙ ሲጠራ መድረክ ላይ ወጣ። ይዲድያ ብርቱካንማውን ለብሶ ቆሟል። በሰባት ወር አንድ ክንድ ረዝሟል። “ይተቃቀፉ!” ተባለ፤ ካሜራዎቹም ተጠጉ። ከሚል ሲያቅፈው ልጁ እንደ እንጨት ተገተረና በጆሮው፣

“ጋሽ ከሚል፣ ቶሎ ይልቀቁኝ። ልጆቹ እያዩኝ ነው” አለው።

ከሚል ለቀቀውና ማይኩን ተቀበለ። የተዘጋጀለትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

“እኔ አልተበደልኩም” አለ። “አንድ መስታወት ተወሰደብኝ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰልኝ። ይህን ልጅ ስትወስዱት ጓደኛ ነበረው፣ ትምህርት ነበረው፣ ስምም ነበረው። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ፈረምኩላችሁ። አሁን ጓደኞቹ ሞተር ሌቦች ናቸው፤ ያስተዋወቃችኋቸውም እናንተ ናችሁ። ስሙን ቀምታችሁ ቲሸርት ሰጣችሁት። ነውር ነው። ለእናንተ ነውር ነው፣ ለእኔም ነውር ነው።”

አዳራሹ ወዲያው በጭብጨባ ተናጋ። ከአዲስ አበባ የመጡት እመቤት በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከሚል ከመድረኩ ሲወርድ አብርሃም ክንዱን ያዝ አድርጎ፣ “በጣም ልብ የሚነካ ነበር ጋሽ ከሚል፤ ትንሽ ጠንከር ቢልም” አለው። ከሚል ያጨበጨቡትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። አንዳቸውም ያለውን አልሰሙም። ንግግሩ ሲያልቅ ማጨብጨብ እንዳለባቸው ብቻ ነበር የሚያውቁት።

የተባለው የክረምት የሙያ ሥልጠና በጀቱ ዘገየ ተባለ። ይዲድያ ትምህርት ቤት የለው፣ ጓደኛ የለው፣ ከሚል “ሱቅ ና” ብሎ ሁለት ጊዜ ቢልክበትም “ሰው ምን ይላል? ሌባው ዕቃ ቤት ገባ ይላል” ብሎ እምቢ አለ። በእምነት ግን ከሺሺንዳ ስልክ ይደውልለት ነበር። ይዲድያ ለእናቱ ጫማ የገዛላት ቀን ብርቅዬ ከየት አመጣኸው ብላ ጠይቃው፣ የጉልበት ሥራ አገኘሁ ብሎ ዋሸ። እሷም ማመን ፈልጋ ነበርና አመነች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በከባድ ዝናብ፣ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ይዲድያና በእምነት ከአንድ የጤና ባለሙያ የተሰረቀ ሞተር ሳይክል ሲነዱ ተያዙ። በእምነት ዘሎ ጫካ ገባ። ይዲድያ ሞተሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከሚል ሊመሰክርለት ሄደ። ልጁ ከዚህ በፊት ወንጀለኛ እንዳልነበረ፣ የባትሪውና የጎማው ወሬ ውሸት መሆኑን ለመርማሪው ነገረው። መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጠው፣ በደንብ አዳመጠው። ከዚያ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥቶ አሳየው። ልጁ በፕሮጀክቱ ክብ ውስጥ የተናዘዘው ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል።

“ከታች ያለው ፊርማ የማን ነው?” አለው።

የከሚል ነበር። ኅዳር ላይ ሲፈርም ባዶ ገጽ ሆኖ ያለፈው ሦስተኛው ወረቀት።

“የኔ ነው። ግን ስፈርም ባዶ ነበር።”

“ባዶ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፣ ነጋዴ ሆነው?”

በዚያች ሰዓት ከሚል ለራሱ የተሰማው ንቀት ለአብርሃም ከነበረው ንቀት አይተናነስም ነበር። የነጋዴ ልጅ፣ አንዲት ብሎን በቼክ ሲሸጥ ሦስት ጊዜ የሚያነብ ሰው፣ “አርአያ” ስላሉት የሰው ልጅ በባዶ ወረቀት ፈርሞ ሰጠ።

ልጁ ዘጠኝ ወር ተፈረደበት። ብርቅዬ የገበያ ቦታዋን ለሰው አስተላልፋ ደካ ወዳለችው እህቷ ዘንድ ሄደች፤ በቦንጋ መንገድ ላይ ቀና ብላ መሄድ አልቻለችም። ጋሽ ገብረሚካኤል ሞተራቸውን ሸጡ። ለምን እንደሸጡ ማንም አልጠየቃቸውም።

ጥቅምት ላይ አብርሃም እንደገና መጣ። ጫማው አሁንም ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር መሆኑን፣ የመጀመሪያው ዙር ውጤት ዘጠና ሁለት በመቶ እንደሆነ፣ የከሚልና የልጁ የመተቃቀፍ ፎቶግራፍም በሪፖርቱ ሽፋን ላይ እንደወጣ በደስታ ነገረው። አንድ ኮፒም አምጥቶለት ነበር።

“ይዲድያስ? ከዘጠና ሁለቱ ነው ወይስ ከስምንቱ?”

“ይዲድያ ተመርቋል” አለ አብርሃም። “ከተመረቀ በኋላ ያለው በእኛ መረጃ ውስጥ አይገባም።”

“አሁን የት እንዳለ ታውቃለህ?”

“ሰምቻለሁ። ያሳዝናል። እንዲያውም ማረሚያ ቤት ላሉት አዲስ ክፍል ልንከፍት…”

“አብርሃም” አለ ከሚል፤ ስሙን ብቻ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነበር። “አንተ ልጆች አሉህ?”

“ሁለት። እኔም ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ ጋሽ ከሚል። ኮንትራቴ የሚታደሰው በቁጥሩ ነው።” ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ለስላሳነቱ ወጥቶ እንደማንኛውም የደከመ ሰው ድምፅ ሆነ።

ከሚል ለአፍታ አዘነለት። ወዲያው ደግሞ ማዘኑ ራሱ አናደደው። “ልጆችህ አንድ ቀን የሰው መስታወት ይሰብራሉ” አለው። “ያን ቀን የአንተ ዓይነት ሰው በአጠገባቸው እንዳያልፍ ጸልይ። በል፣ ከሱቄ ውጣ። ወረቀትህንም ይዘህ ውጣ።”

ታኅሣሥ ላይ ከሚል ሳሙናና ብርድ ልብስ ይዞ ልጁን ሊጠይቅ ሄደ። ጠያቂና ታራሚ በሽቦ አጥር ተለያይተው ይቆማሉ። ይዲድያ ሲመጣ አረማመዱ ተለውጧል፤ ትከሻውን እየጣለ፣ ግራ ቀኝ እያየ ነው የሚራመደው። አጥሩ ጋ ያሉት ሁለት ጎልማሶች ቦታ ለቀቁለት።

“እናትህ ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች” አለ ከሚል።

“እሺ።”

“ስትወጣ ጋሽ ገብረሚካኤል ቤታቸው ውስጥ ያስጠኑሃል። ስምንተኛን ትፈተናለህ። ተነጋግረናል።”

ልጁ ፈገግ አለ፤ ሕፃን ሲያወራ የሚሰማ ትልቅ ሰው ዓይነት ፈገግታ። “እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት ጋሽ ከሚል” አለ። አንድ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ወደ ኋላው ተመለከተና ወደ ሽቦው ተጠጋ። “ያ የሚሸጡት የመሪ ቁልፍ አለ አይደል? ቀዩ። ሰው ሌባ ይከለክልልኛል ብሎ የሚገዛው።”

“አዎ?”

“አይረባም። በትንሽ ካቻቢቴ፣ ወደ ግራ ጫን አድርገው ሲያዞሩት ይከፈታል። እስከ አሥር አይቆጥሩም። ለሰዎቹ እንዳይሸጡላቸው ብዬ ነው።”

ሳሙናውን ተቀበለ፣ ብርድ ልብሱን ብብቱ ስር አደረገና ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ከሚል ከሰዓት በኋላ ሱቁን ሲከፍት ደንበኛ አልነበረም። ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ቀይ ቁልፍ አወረደ፤ ከመሳቢያው ትንሽ ካቻቢቴ አውጥቶ ቀዳዳው ውስጥ ከተተና ወደ ግራ ጫን አድርጎ አዞረ። ስድስት ሲቆጥር ተከፈተ። ሌላም ሞከረ፤ እሱም ተከፈተ። ሱምያ ያልበላውን ምሳ ይዛ ስትገባ አሥራ አንድ የተከፈቱ ቁልፎች ባንኮኒው ላይ ደርድሮ፣ አሥራ ሁለተኛውን በእጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ምን ሆንክ ብትለው አሥራ ሁለተኛውንም ከፈተው። እሷም ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።